ሸራ ለመቀየር ፓስወርድ

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ጋራዡን ገና ከመክፈቴ አንድ ጋሼ የምላቸው ደንበኛዬ ከች አሉ፣ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ኡበር የሚሰሩ ሰውዬ ናቸው፣ ሌሊቱን ኤርፖርት ሲያመላልሱ አድረው ቀጥታ ወደ እኔ። "ልጄ ከኋላ ሲጢጥ ሲጢጥ ትላለች" አሉኝ። ጎማውን ፈትቼ ሳየው የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረት ከብረት ሊነካካ ምንም አልቀረው። ቀላል ነው ጋሼ፣ ቡናዎን ጠጥተው ሳይጨርሱ አደርሳታለሁ አልኳቸው። ምነው አፌን በቆረጠው።

የዚች መኪና የእጅ ፍሬን በገመድ የሚጎተተው አይደለም፣ በኤሌክትሪክ ነው። ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠው ካሊፐር ጀርባ ላይ የጡጫ ያህል ሞተር ተለጥፋለች፣ አዲሱ ሸራ እንዲገባ ፒስተኑ ወደ ውስጥ መመለስ አለበት፣ እሱን ደግሞ በፒንሳ ታግለህ ሳይሆን የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነጋግር ስካነር አዘህ ነው የምትመልሰው። ስካነሬን ሰካሁ። ሁሉንም ያነብልኛል፣ የአራቱን ጎማ ፍጥነት፣ የባትሪውን ቮልቴጅ፣ የድሮ የብልሽት ኮዶችን ሳይቀር ዘርዝሮ ቁጭ። "ፒስተኑን መልስ" የሚለውን ስጫን ግን ቀይ ጽሑፍ መጣ፣ ፈቃድ የለህም። ደገምኩት፣ ፈቃድ የለህም። እንግዲህ 19 ዓመት በዚህ ሙያ ኖሬ ሸራ ለመቀየር ፈቃድ የለህም ተባልኩ ማለት ነው 😂

ሞተሯን ነቅሎ በባትሪ ሽቦ ወደኋላ ማሽከርከር ይቻላል፣ የሚያደርጉትም አሉ፣ ግን ትንሽ ካለፈ ውስጥ ያለችው ጥርስ ትሰበርና ያኔ ሙሉ ካሊፐር ግዛ ነው፣ በሰው እንጀራ ደግሞ አልሞክርም።

ብዙ ሰው ነገሩን የሚረዳው "ዲለሮች ኮዱን ይደብቃሉ" ብሎ ነው፣ አይደለም። ማንበብ ብዙ ጊዜ ይፈቀድልሃል። የሚቆለፈው ማዘዝ ነው። በሽታውን ይነግሩሃል መድሃኒቱን ግን አንተ አትሰጥም፣ አንዳንዱ ላይ ኮድ ማጥፋት እንኳን አይቻልም፣ ዕቃ ቀይረህ ብትጨርስም መኪናው አዲሱን ዕቃ አላውቀውም ብሎ ይኮራብሃል፣ የካምፓኒው ሰርቨር ካላስተዋወቀው በቃ አያውቀውም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። እኔ ሙያውን የለመድኩት አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አካባቢ ነው፣ መምህሬ ኮፈኑ ላይ ጆሮውን ለጥፎ "ሶስተኛዋ ካንዴላ ናት" ይልህ ነበር፣ ናትም። እነ ካቻቢቴ እነ ፒንሳ እነ ካንዴላ ጣልያን ጥሎልን የሄደው ቃል ነው፣ ለፓስወርድ ግን ጣልያኑም ምንም አልተወልንም። እዚህ አሜሪካ ስመጣ ደግሞ ከመሪው ስር ያለችውን 16 ቀዳዳ ሶኬት አስተዋወቁኝ፣ ኦቢዲ ቱ የሚሏት፣ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ እዚህ አገር የሚሸጥ መኪና ሁሉ እንዲኖረው በህግ የተገደደው። ያ ህግ የመጣው ለጭስ ቁጥጥር ነው እንጂ ለእኛ ታዝኖ አይደለም፣ ግን ለትንንሽ ጋራዦች ትልቅ በር ነው የከፈተው፣ አንድ ስካነር ገዝተህ የሁሉንም መኪና ሞተር ታነጋግራለህ።

መቆለፉ ታዲያ ከየት መጣ ብትሉ፣ እውነቱን ለመናገር ምክንያት አላቸው። በ2015 ቻርሊ ሚለርና ክሪስ ቫላሴክ የሚባሉ ሁለት ባለሙያዎች ቤታቸው ቁጭ ብለው ሃይዌይ ላይ የሚሄድ ጂፕ ቼሮኪ በሩቅ ሲቆጣጠሩ ለጋዜጠኛ አሳዩ፣ ካምቢዮውን ሁሉ ከመንገድ መሃል አቋረጡበት። የጂፑ አምራች 1.4 ሚሊዮን መኪና ሪኮል አደረገ፣ ለማስተካከል መልሶ ጠራ ማለት ነው። ከዛ ይሄው አምራች፣ ፊያት ክራይስለር፣ ከ2018 ሞዴል ጀምሮ ጌትዌይ የሚባል ዘበኛ መኪናው ውስጥ አስቀመጠ፣ ሬዲዮኑና ሶኬቷ በዘበኛው በአንድ በኩል፣ ፍሬን መሪ ሞተር በሌላ በኩል። ሌሎቹም በየራሳቸው መንገድ ተከተሉ። እኔን የሚያበግነኝ እነዛ ሰዎች የገቡት በሬዲዮኑ የሞባይል ኔትወርክ ነው እንጂ በሶኬቷ አልነበረም፣ ሌባው በመስኮት ገባ፣ ቁልፉን ግን በበር በኩል ለቆመው ለእኔም ጭምር አደረጉት። እርግጥ በሶኬቷ በኩል ቁልፍ ፕሮግራም አድርጎ መኪና ይዞ የሚሰወር ሌባም አለ፣ እሱን አልክድም። ዘበኛ ይቁም። ጥያቄዬ ዘበኛውን የቀጠረው ማነው ነው፣ ከጎኔ የራሱን ጥገና ቤት የከፈተ ተፎካካሪዬ ከሆነ እኮ ማን ይግባ ማን ይቅር የሚወስነው እሱ ነው ማለት ነው። ቁልፍ ሰሪዎች እዚህ አገር ዳራቸው ተመርምሮ ተመዝግበው የቁልፍ ኮድ የሚያገኙበት አሰራር አለ፣ ስለዚ ማንነትህ በሌላ አካል ተጣርቶ መግባት የማይቻል ነገር አይደለም።

ማሳቹሴትስ ያሉት ይሄንኑ ነው የጠየቁት። በ2012 ህዝቡ በድምጽ የመጠገን መብት ህግ አጸደቀ፣ ካምፓኒዎቹ ለዲለር የሚሰጡትን የጥገና መረጃ ለእኛም እንዲሰጡ የሚያስገድድ፣ በ2014 መጀመሪያ ካምፓኒዎቹ በየስቴቱ የተለያየ ህግ ከሚወጣብን ብለው ለመላው አሜሪካ የሚሆን ስምምነት ፈረሙ፣ እኛም ቨርጂኒያ ያለነው ጥላው ስር ነን። ግን ያ ስምምነት ለሶኬቷ እንጂ ከመኪናው በአየር ወደ ካምፓኒው ለሚሄደው ዳታ ብዙም አልተጨነቀም፣ መኪናዎቹ ደግሞ ከዛ በኋላ ሁሉም ሲም ካርድ ዋጡ። በ2020 በዚሁ ዳታ ላይ እንደገና ድምጽ ተሰጠ፣ ከዛ በፊት ካምፓኒዎቹ ያቆሙት ቡድን ቲቪ ላይ ያሳየው ማስታወቂያ ጉድ ነው፣ አንዲት ሴት በጨለማ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ብቻዋን ስትሄድ፣ የመጠገን መብት ከፈቀዳችሁ ሌባ ቤቷ ድረስ ይከተላታል ነው ነገሩ፣ እኔ ዘይት ቀያሪው ማለት ነው ሌባው። ያም ሆኖ 75 በመቶ ገደማው ህዝብ ይሁን አለ። ወዲያው ካምፓኒዎቹ በማህበራቸው በኩል ከሰሱ፣ ሱባሩና ኪያ በዛ ስቴት በሚሸጧቸው አዳዲስ መኪናዎች ላይ የኢንተርኔት አገልግሎቱን ጭራሽ አጠፉት፣ በ2023 ጁን ላይ ደግሞ የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መስሪያ ቤት ለካምፓኒዎቹ ህጉን አታክብሩ የሚል ደብዳቤ ጻፈላቸው፣ ኦገስት ላይ ተመልሶ ለስለስ አለ፣ ክሱን ዳኛዋ ውድቅ ያደረጉት በ2025 ፌብሩዋሪ ነው። ቁጠሩት፣ ከድምጹ እስከ ውሳኔው ከአራት ዓመት በላይ። ሜይን የምትባለው ስቴትም በ2023 በ84 በመቶ ገደማ ድምጽ ተመሳሳዩን አጸደቀች። አውሮፓ ደግሞ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ሉክሰምበርግ ያለው የአውሮፓ ህብረት ፍርድ ቤት ፊያትን የከሰሱ ሁለት ጥገና ቤቶችን ጉዳይ አይቶ፣ ሶኬቷን ለመጠቀም ህጉ ላይ የሌለ ተመዝገብ፣ ኢንተርኔት ግባ የሚል ቅድመ ሁኔታ መጨመር አይቻልም አለ። አጭርና ግልጽ፣ ቀናሁባቸው።

አገር ቤት ያለው ታናሽ ወንድሜም ጋራዥ ነው የሚሰራው፣ እሱ ጋ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በ2024 መንግስት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ነው የሚጎርፈው፣ ብዙው ለቻይና ገበያ የተሰራ ስለሆነ ስክሪኑ እንኳን ቻይንኛ ነው። አንድ ቀን በቪዲዮ ደውሎ ክሩስኮቱን አሳየኝ፣ ቢጫ መብራት፣ ከስሩ አንድ መስመር የቻይና ጽሑፍ፣ እሱ ጽሑፉን በሌላ ስልክ እየተረጎመ። "ሎግኢን አድርግ ይለኛል፣ የት ነው ሎግኢን የማደርገው?" አለኝ። ምን ልበለው። እኔ ቢያንስ ከፍዬ የምገባበት ዌብሳይት አለኝ፣ እሱ የሚከፍለው ቢያገኝ እንኳን በምን ዶላር።

ወደ ጋሼ ልመለስ። የዚህን ካምፓኒ ፈቃድ ለማግኘት መመዝገብ ነበረብኝ፣ የንግድ ፈቃድ ላክ፣ መታወቂያ ላክ፣ የስካነሩን ሲሪያል ቁጥር አስገባ፣ ዓመታዊ ክፍያ ክፈል፣ ከዛ "ማመልከቻዎ እየታየ ነው"። መኪናዋ ካሉኝ ሁለት ሊፍቶች አንዱ ላይ ተሰቅላ ቀረች። ጋሼ ሐሙስ ሌሊት አልሰሩም፣ አርብ ጠዋትም አልሰሩም፣ እየደወሉም አልነዘነዙኝም፣ ያ ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ። እኔ ኢሜይሌን በየአስር ደቂቃው።

አርብ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ መጣ። ጋሼን ደውዬ ጠራኋቸው፣ አጠገቤ ቆሙ፣ ስካነሩን ሰካሁ፣ ተጫንኩት። ዝዝዝዝ አለች ሞተሯ፣ አራት ሰከንድ ቢሆን ነው፣ ቆመች።

"ይቺ ናት?" አሉኝ።

"ይቺ ናት ጋሼ።"

ሸራውን ለመግጠም ጎንበስ አልኩ፣ እሳቸው ግን ለትንሽ ጊዜ ስካነሩን እያዩ ቆሙ፣ ከዛ "እንደገና አድርጋት እስቲ፣ አልሰማኋትም" አሉ።