ድንጋይ ያቀፈ ሥር

ድንጋይ ላይ ለበቀለ ቦንሳይ፣ ማለትም በማሰሮ ውስጥ አሳንሰው ለሚያሳድጉት ዛፍ፣ ቅርጽ ማውጣት ሲባል ሰው ቶሎ የሚታየው መቀስና ሽቦ ነው። እኔ ግን ሥራው ከሥሩ ይጀምራል ባይ ነኝ። ቅርንጫፍ ቢሰበር ሌላ ይወጣል። ቢጣመም በሽቦ ይቃናል። ድንጋዩን ይዞ የወፈረ ሥር ግን ወዲህ በል ወዲያ በል አይባልም። እዚያ ነው፣ በቃ።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ለዋሽንግተን ዲሲ ቅርብ። ሥራዬ የማታ ነው። ጠዋት ገብቼ እስክተኛ ያለችው ሰዓት የዛፌ ናት። ዛፉ ፋይከስ ነው፣ የዋርካና የሾላ ዘመድ። እዚህ በየአበባ መሸጫው በርካሽ ይገኛል። እኔ ግን በርካሽነቱ አይደለም የመረጥኩት። የጎንደር ልጅ ነኝ፤ የፋሲል መዋኛን ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ለጥምቀት ሕዝቡ የሚሰበሰብበት የዚያ መዋኛ ግንብ ላይ የበቀሉት ዛፎች፣ ሥራቸው ከላይ እስከ ታች ወርዶ ድንጋዩን ጨምድዶ ይዞታል። የቱ ሥር የቱ ድንጋይ እንደሆነ ለመለየት ቀረብ ማለት ያስፈልጋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይኔ ውስጥ ያለው ዛፍ ይሄ ነው።

ቦንሳይ የሚባለውን ነገር ያወቅሁት እዚሁ ዲሲ፣ ናሽናል አርቦሬተም በሚባለው የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ ነው። ለዘመድ ሰርግ ፎቶ ሄደን ሙሽሮቹ የድሮዎቹ የካፒቶል ዓምዶች ጋ ሲነሱ፣ እኔ ወደ ቦንሳይ ሙዚየሙ ገባሁ። መግቢያው ነጻ ነው፤ አካባቢው ያላችሁ ሂዱና እዩት። አንድ የጃፓን ነጭ ፓይን አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ በሰው እጅ እየተገራ የኖረ። አጼ ፋሲል የነገሡት እ.ኤ.አ. በ1632 ነው። ስለዚህ አንድ ጃፓናዊ ያንን ዛፍ መግራት ሲጀምር ጎንደር ገና አልተቆረቆረችም ነበር። ዛፉ ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲጣል ከፍንዳታው ቦታ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከግቢ አጥር ጀርባ ሆኖ ተርፏል። እ.ኤ.አ. በ1976 የያማኪ ቤተሰብ ለአሜሪካ 200ኛ ዓመት ከተሰጡት 53 ቦንሳዮች አንዱ አድርጎ አበረከተው። ከሂሮሺማ መትረፉን ሙዚየሙ ያወቀው ግን የያማኪ የልጅ ልጆች እ.ኤ.አ. በ2001 ዛፉን ሊያዩ ሲመጡ ነው። ቦምብ የጣለባቸው አገር ድረስ ዛፉን ልከው፣ ስለዚያ አንድ ቃል አለመናገራቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ወደ ድንጋዩ ልመለስ። ለስላሳ ድንጋይ አይሆንም። ሸካራ፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ስንጥቅ ያለው ነው የሚፈለገው። ሥሩ ረዘም ያለ ለጋ ፋይከስ ትመርጣለህ። አፈሩን በውኃ አጥበህ ሥሮቹን ታፍታታለህ። ድንጋዩ አናት ላይ አስቀምጠህ እያንዳንዱን ሥር በየስንጥቁ ታወርዳለህ። ከዚያ በምግብ መጠቅለያ ፕላስቲክና በገመድ አጥብቀህ ትጠመጥምና ጠለቅ ያለ ማሰሮ ውስጥ እስከ አንገቱ ትቀብረዋለህ። አፈሩ ውኃ የማይቋጥር ይሁን። እኔ አገር ቤት መንገድ የሚደለደልበትን የቀይ አሽ ዓይነት ድንጋይ ደቅቆ ሲሸጥ ገዝቼ እቀላቅላለሁ። ሥሩ ውኃ ፍለጋ ወደ ታች ይሮጣል፣ እየሮጠም ይወፍራል። ይህ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ቀጥሎ አፈሩን ከላይ በትንሽ በትንሹ እየቀነስክ ሥሩን ከፀሐይ ጋር ታለማምደዋለህ። መጀመሪያ ነጣ ብሎ እንደ ሕፃን ቆዳ የሳሳ ነው። ከዚያ ቡናማ ይሆናል፣ ይጠነክራል። ፋይከስ ላይ ደግሞ የተነካኩ ሥሮች እየተጣበቁ አንድ ይሆናሉ። ይህን በገዛ ዓይን እንደማየት ደስ የሚል ነገር የለም።

ቅርጽ የማውጣቱ ተራ ሲደርስ የቦንሳይ ማኅበራችን ትልቅ ሰው አገዙኝ። ጃፓን ተወልደው እዚህ ያረጁ ሴት ናቸው። ዛፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ቅጠሉን በሙሉ በጨርቅ ሸፈኑት። ድንጋዩና ሥሩ ብቻ ቀረ። ከዚያ ቀስ እያሉ አዞሩት። «ፊቱ የት ነው?» አሉኝ። በቅጠሉ በኩል ሳየው የኖርኩት ፊት ሌላ ነበር። ያለቅጠል ሲታይ፣ አንድ ወፍራም ሥር ድንጋዩን በሰያፍ አቋርጦ የሚወርድበት ጎን ቁልጭ ብሎ ወጣ። ፊቱ እሱ ሆነ። ጨርቁ ሲነሳ የትኛው ቅርንጫፍ አላስፈላጊ እንደሆነ ለመለየት ብዙም አላከራከረን።

አንዱ ግን አከራከረን። ከግራ በኩል ዝቅ ብሎ የሚወጣ ረጅም ቅርንጫፍ አለ። ድንጋዩን ይሸፍናልና ይቆረጥ አሉ። አስተያየታቸው ልክ ነው፤ ሥሩ እንዲታይ ነው ይህ ሁሉ ድካም። ግን እርሳቸው የሚያስቡት ሾጠጥ ያለ የተራራ ፓይን ነው፣ እኔ የማስበው ዋርካ። የደቡብ አፍሪካ ቦንሳይ ሠሪዎች በአገራቸው ዛፎች አምሳል አናቱ ጠፍጣፋና ሰፊ የሆነ ቅርጽ ይሠራሉ። እኛም አገር እንዲህ ያለ ዛፍ ሞልቷል። እና ለጊዜው ይቆይ አልኳቸው። እሺ አሉ።

በሳምንቱ እናቴ ደወለች። በቪዲዮ አሳየኋት። ዝም ብላ አየችና «ልጄ፣ ሥሩስ የኛው ነው። ግን ምነው እንዲህ መለመልከው? ዋርካ ያለ ጥላ ምን ያደርጋል?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ድንጋዩ እንዲታይ ብዬ ነው።»

«ጥላው ሥር ሆኖ አይታይም?»

እውነቷን ነው። ዋርካ ሥር ሽምግልና ተቀምጦ ያደገ ሰው ዛፉን የሚያውቀው በጥላው ነው። ቅርንጫፉ አይቆረጥም፣ ከፍ ይላል እንጂ። ወፍራም የአሉሚኒየም ሽቦ አመጣሁ። የሽቦው ውፍረት የቅርንጫፉን ሲሶ ያህል ቢሆን ይበቃል፤ አጠማዘዙም ሰያፍ ነው፣ 45 ዲግሪ አካባቢ። ጊዜው በጋ ነበር፣ ፋይከስ የሚበረታበት። ትንንሾቹን ስቆርጥ የሚወጣውን ነጭ ወተት በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ። ከዚያ ትልቁን በሁለት እጄ ይዤ፣ በአውራ ጣቶቼ ከታች ደግፌ፣ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ አጎበጥሁት። አሁን ከድንጋዩ በላይ ተዘርግቷል፣ ሥሩም ከታቹ ይታያል።

ፋይከስ በበጋ ቶሎ ስለሚወፍር ሽቦው ልጡን እንዳይበላው በየሳምንቱ መታየት አለበት። መጥበቅ ከጀመረ ሽቦውን እዚያው በመቁረጫ መቆራረጥ ነው። መፍታት ቅርንጫፍ ይሰብራል። ብርዱ ሲመጣ ደግሞ ሌሊቱ 10 ዲግሪ ሳይደርስ ወደ ቤት ይገባል።

የማኅበሩ እናታችን መጥተው አዩት። ከፊት፣ ከጎን፣ ዝቅ ብለውም ከታች አዩት። «ይሁን» አሉ፣ «ግን ቅጠሉን አሳሳው፤ ብርሃን ድንጋዩ ድረስ ይግባ።» ቀጣዩ ሥራዬ ይሄው ነው። አዲሱ ቀንበጥ ስድስት ስምንት ቅጠል ሲያወጣ ወደ ሁለት እመልሰዋለሁ፣ እንደገና ሲያወጣም እንደገና።