ቁልቋል በር ላይ የዘመተ አያት ላላችሁ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ቀደም ብሎ በነገረኝ ኖሮ ብዬ ስለምቆጭ ነው። አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ጎንደር ላይ የመሸገው የጣልያን ጦር በተከበበበት የጎንደር ከበባ የተዋጋ፣ ያንንም በወረቀት አስፍሮ ማስመዝገብ የሚፈልግ ሰው ካለ ቢያነበው ይጠቀማል።

መጀመሪያ ነገሩን ላስታውስ። ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። ብዙ ሰው ጦርነቱ ያን ቀን ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። የጣልያን እንደራሴ የነበረው የአኦስታው መስፍን አምባላጌ ላይ እጁን የሰጠው በግንቦት ነው። የጣልያኑ ጄኔራል ጉልዬልሞ ናሲ ደግሞ ጎንደርን ይዞ ክረምቱን በሙሉ ቆየ። ዝናቡ የእንግሊዝን ትልቅ ጦር አዘገየው። በዚያ ክረምት መንገዱን እየቆረጠ፣ ስንቅ እየነጠቀ፣ ጣልያንን እንቅልፍ የነሳው የአገሩ ሰው ነው። አያቴም ከነዚያ አንዱ ነበር። የውጭ ሰዎች በጻፉት ታሪክ ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ በአንድ አንቀጽ ይታለፋል። እኔን ሥራ ውስጥ የከተተኝም ይኸው ነው።

ጎንደር የወደቀችው በአንድ ቀን አይደለም። በዙሪያዋ በሮቿን የሚጠብቁ ምሽጎች ነበሩ። ከደባርቅ ወዲያ ሊማሊሞ አናት ላይ የነበረው ምሽግ በመስቀል ሰሞን እጁን ሰጠ፤ ወደ 3,000 ሰው ነበረበት። ከማክሰኝት ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ቁልቋል በር የወደቀው ኅዳር 12 ቀን 1934 ነው። ናሲ ራሱ እጁን የሰጠው ከዚያ በኋላ፣ ኅዳር 18 ነው። እነዚህን ሁለት ቀኖች ያዙልኝ፤ መዘዙ ከነሱ ነው የመጣው።

ቀላሉን ሥራ ቶሎ ልለፈው። ፎቶ ከዘመድ ሰበሰብኩ። የቤተሰቡን የትውልድ ሐረግ ጻፍኩ። ካርታ ገዛሁ። ቦታው ድረስ ሄጄ ኮረብታውን በእግሬ ወጣሁት። ውጡት፤ መንገዱ ከላይ ምን ያህል ወለል ብሎ እንደሚታይ ሳታዩ የሽማግሌዎቹን ወሬ በቅጡ አትረዱትም።

አጠያየቅ ላይ አንድ ምክር አለኝ። «አርበኛ ነበሩ ወይስ ባንዳ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ጎንደር ላይ እጁን ከሰጠው ጦር ግማሽ ያህሉ ጣልያን አልነበረም፤ በጣልያን ስር የተሰለፈ የኢትዮጵያና የኤርትራ ሰው ነበር። በዚያ ክረምት መሣሪያውን ይዞ ወዲህ የተሻገረም ብዙ ነው። ያን ጥያቄ ከጠየቃችሁ ቤተሰቡ በሙሉ አፉን ይዘጋል። «በ33 ክረምት የት ከረሙ? ጠመንጃው ከየት መጣ? ሲመለሱ በየት በኩል ተመለሱ?» በሉ። መልሱ ራሱ ቦታውን ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ቁስሌ ልግባ።

የአርበኞችን ስም ዝርዝር የሚያሰባስብ አንድ ቢሮ ነበር። ለምዝገባው ሦስት ነገር ጠየቁኝ፤ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ማመልከቻ፣ በሕይወት ያለ የዓይን ምስክር። ቅደም ተከተሉም ይኸው ነው ተባልኩ። ደብዳቤው ሳይገባ ምስክር አይሰማም።

ምስክር ነበረኝ። የአያቴ የእህት ልጅ ናቸው። ያኔ ለዘማቾቹ በሶና ውሃ የሚያመላልሱ ልጅ ነበሩ። እኔ ሳገኛቸው ዓይናቸው ደክሟል፤ ነገር ግን ልባቸው ስል ነበር። ደጃቸው ላይ ከድንጋዩ መደብ ተቀምጠን ስልኬን ከፍቼ መሐላችን አስቀመጥኩ።

«አባባ፣ ቀኑን ያስታውሱታል?» አልኳቸው።

«እንዴት እረሳዋለሁ ልጄ! የኅዳር ሚካኤል ለት ነው እንጂ። እናቴ ለዝክሩ ጠላ ጠምቃ ነበር። ሳይነጋ ተኩሱ ጀመረ። እስከ ከሰዓት ምድሩ ጭስ ነበር። ኋላ ጸጥ አለ። ነጮቹ እጃቸውን አንስተው በመንገዱ ወረዱ። አንዱ ቅሉን አይቶ በምልክት ለመነኝ፤ ሰጠሁት፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። አጎቴ ‹ጠጣ በለው› አለኝ።»

ቁልቋል በር በትክክል በኅዳር ሚካኤል ነው የወደቀው። ሰውየው ካሌንደር አላዩም፣ መጽሐፍ አላነበቡም። የእናታቸውን ዝክር ነው የያዙት። ካራቢኒየሪ የሚባለው የጣልያን ወታደራዊ ፖሊስ ዛሬም ድረስ በፈረንጆች ኖቬምበር 21 ቀን የቁልቋል በር ሙታኑን በየዓመቱ ያስባል። ያ ቀን የእኛ ኅዳር 12 ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም።

ቃላቸውን ጽፌ ለቢሮው ወሰድኩ። ኃላፊው አነበበውና እስክሪብቶውን አነሳ። «ጎንደር ነፃ የወጣችው ኅዳር 18 ነው። ሚካኤል 12 ነው። ምስክሩ አይገጥምም» አለኝ። ቁልቋል በርና ጎንደር ከተማ ሁለት ቦታ መሆናቸውን ነገርኩት። በካርታ አሳየሁት። ካርታውን ወደ እኔ መልሶ ገፋው። «በሰነድ አምጣ።»

ሰነድ አመጣሁ። በውጭ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ «በሕጋዊ ትርጉም ቤት አስተርጉመህ አስመታበት» አለኝ። አስተረጎምኩ። ከፈልኩ። ማኅተም ተመታበት። ተርጓሚው የፈረንጁን ኖቬምበር 21፣ 1941 «ኅዳር 21 ቀን 1941 ዓ.ም.» ብሎ ጽፎታል! በእኛ 1941 እኮ ጣልያን ከአገር ከወጣ ዓመታት አልፈውታል። ይስተካከል ብል «ሰነዱ ላይ ያለውን ነው የተረጎምነው» ተባልኩ። ቢሮው ደግሞ አሁን ሦስተኛ ቀን አገኘ። ማኅተም ያለበትን አምኖ የሽማግሌውን ቃል ጣለ።

እዚህ ላይ ጨክኜ የምናገረው አለ። የታሪክ መዝገብ ላይ የሚቀመጥ ሰው ቀን መለወጥ ካልቻለ እዚያ ወንበር ላይ ምን ያደርጋል? ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ግድም ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስምንት። ይኸው ነው። አንዱ «በ33 ነው»፣ ሌላው «በ34 ነው» ሲላችሁም አትደንግጡ፤ ከበባው የጀመረው በ33 ነው፣ ያለቀው አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ትርጉሙ እስኪታረም፣ ኃላፊው ከስብሰባ እስኪወጣ፣ ደብዳቤው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እስኪመራ ጊዜው ነጎደ። በመጨረሻ ቀኑ ተቀባይነት አገኘ። «እንግዲህ ምስክሩን ይዘህ ና፣ ቀርበው ይፈርሙ» አሉኝ። ስደውል ልጃቸው አነሳችው። አባባ ከአርባ ቀን በፊት አርፈዋል። ለተዝካራቸው ነበር የምትዘጋጀው።

ድምፃቸው አለኝ አልኩ። «ድምፅ አንቀበልም» አሉኝ። ያን ቀን ከቢሮው ወጥቼ የት እንደሄድኩ እንኳ አላስታውስም።

ስለዚህ እናንተ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ቢሮው «ደብዳቤ መጀመሪያ» ይላል፤ እኔ ደግሞ ሰውየው መጀመሪያ እላለሁ። በሄዳችሁበት ዕለት ቃላቸውን ጻፉ፣ መልሳችሁ አንብቡላቸው፣ ይፈርሙ ወይም አውራ ጣታቸውን ያሳርፉ። ሁለት ጎረቤትና የንስሐ አባታቸው እዚያው በምስክርነት ይፈርሙ። ካህን የፈረመበትን ወረቀት መጣል ለማንም ይከብዳል። ድምፁንም ቅዱ፤ ቅጂውን ለልጆቻቸው ስጡ። ደብዳቤውን የፈለገ ጊዜ ይምጣ።

የቀኑንም ነገር ለተርጓሚ አትተዉት። ራሳችሁ ለውጡና «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይህ ነው» ብላችሁ በማመልከቻው ላይ ጻፉ። ሽማግሌ ቀን ሲጠፋባቸው ደግሞ ቁጥር አትጠይቋቸው፤ የትኛው ንግሥ ነበር፣ ጾም ገብቶ ነበር ወይ፣ ጤፉ ታጭዶ ነበር ወይ በሏቸው።

በውጭ ካርታና መጽሐፍ ላይ የቦታ ስም ስትፈልጉ በጣልያን አጻጻፍ ስለሚገኝ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ጆሯችሁ ይለየዋል።

የአያቴ ስም እስካሁን ዝርዝሩ ላይ የለም። ኃላፊው ተቀይሯል። በዚያው ውጊያ ስንቅ ያመላለሱ ሌላ ሽማግሌ አዲስ ዘመን አካባቢ እንዳሉ ሰምቼ ሄድኩ፤ ቃላቸውን በዚያው ዕለት አስፈርሜ፣ ካህኑም ፈርመውበት፣ ከማመልከቻው ጋር እንደገና አስገብቻለሁ። እሳቸውም ሳልጠይቃቸው «የሚካኤል ለት» ነው ያሉት።