ለእህቴ ያገለገለ ላፕቶፕ እንዴት እንደመረጥኩላት

ታናሽ እህቴ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ሲደርሳት ላፕቶፕ የመግዛቱ ነገር እኔ ላይ ወደቀ። በጀቱ 40 ሺህ ብር ነበር። እናታችን ከዕቁብ ያወጣችው ብር ስለሆነ ማባከን አልፈለግኩም።

ከዚህ በፊት አንዴ ተሸውጃለሁ። ለራሴ ስገዛ ያየሁት ኪቦርዱ ጎን የተለጠፈችውን፣ የፕሮሰሰሩን (የኮምፒውተሩን አንጎል) ዓይነት የምትናገረውን «ኮር አይ ሰባት» የምትል ምልክት ብቻ ነበር። ሻጩ «አይ ሰባት ነው ብሮ፣ ከዚህ በላይ የለም» አለኝ። አመንኩት። ቤት ወስጄ ስከፍተው ለመነሳት ብቻ አራት ደቂቃ ይፈጅበታል። ውስጡ ያለው የድሮው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ነው። ባትሪው 40 ደቂቃ አይቆይም። ዊንዶውስ 11 ልጭን ስል ደግሞ አልቀበልም አለኝ።

ምክንያቱን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ከ«አይ ሰባት» በላይ ወሳኙ ከእሱ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር ነው። የእኔ 6600ዩ ይላል። የመጀመሪያዋ 6 ስድስተኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) ማለት ነች። ኮሩም (ሥራውን የሚካፈሉት የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) 2 ብቻ ነው። 8250ዩ የሚለው ግን አይ አምስት ሆኖ ስምንተኛ ጄኔሬሽን ነው፣ 4 ኮር አለው። 1135 ዓይነት ቁጥር ካያችሁ ደግሞ የፊተኞቹን ሁለት አሃዞች አንብቡ፤ 11ኛ ነው። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጥ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛው ጀምሮ ያሉትን ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ለአራት ዓመት ትምህርት ከስምንተኛው በታች መግዛት አልታየኝም።

እናቴ አዲስ እንዲሆን ነበር የፈለገችው። «ለልጄ ሳልባጅ ኮምፒውተር ልትገዛላት ነው?» አለችኝ። ገባኝ። ልጇ ከሰው በታች እንዳትታይባት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አዲሱን ሄጄ አየሁ። በያዝነው ብር የሚገኘው ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ ሴሌሮን ኤን 4020 የሚባል ዝቅተኛ ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራም (የተከፈቱ ሥራዎችን ለጊዜው የሚይዘው)፣ 64 ጊጋ ማከማቻ ያለው ነበር። ዊንዶውስ 11 ለመጫን የሚጠይቀው ትንሹ መጠን ራሱ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ነው። ራሙም ማከማቻውም ቦርዱ ላይ የተበየዱ ስለሆኑ ነገ ልጨምርበት ብትሉ መንገድ የለውም። ለእናቴ ይህን ሳስረዳት «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ፣ ብቻ እንዳያሳፍራት» ብላ ለቀቀችኝ።

ከዚያ ወደ ያገለገሉት ዞርኩ። ዓላማዬ ለቢሮ ሥራ የተሠሩት ናቸው፤ የዴል ላቲቲዩድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክ፣ የሌኖቮ ቲንክፓድ። ውጭ አገር ያሉ ድርጅቶች ጥቂት ዓመት ተጠቅመውባቸው በጅምላ ይሸጧቸዋል፤ ብዙዎቹ በዱባይ በኩል ወደ እኛ ይመጣሉ። አዲስ ሳሉ ውድ ስለነበሩ ማጠፊያቸው ጠንካራ ነው፣ ኪቦርዳቸው ለጣት ይመቻል፣ አብዛኞቹም ተፈትተው ይጠገናሉ።

ፍላሽ፣ ኢርፎንና ዳታ የተሞላ ስልክ ይዤ መገናኛ ወጣሁ። የመጀመሪያው ሱቅ የባትሪ ሪፖርት ላውጣ ስል «እሱ አያስፈልግም» አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ሁለተኛው ጋ ያየሁት በጣም ያምር ነበር፣ ጭረት እንኳን የለውም። ግን አጥፍቼ አብርቼ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ልግባ ስል ፓስወርድ ጠየቀኝ። የቀድሞው ባለቤት የቆለፈው ነው። ሻጩ «እሱን አትነካውም፣ ምን ያደርግልሃል» አለኝ። ነገ ችግር ቢመጣና ከፍላሽ ማስነሳት ቢያስፈልግ ሊከለክለኝ ስለሚችል ተውኩት።

ሦስተኛው ቦሌ ነው። ቲንክፓድ ቲ 480፣ አይ አምስት 8250ዩ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (ከተሽከርካሪው ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ)። ሻጩ ወጣት ልጅ ነው፤ ወንበር ሰጠኝና «እንደፈለክ ፈትሽ» አለ። ይህን ያለኝ እሱ ብቻ ነበር። አንድ ሰዓት ገደማ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ስክሪኑን አየሁ። ይህ ሞዴል በተለያየ ስክሪን ይመጣል። 1366 በ768 ነጥብ (ፒክሰል) የሆነው ከጎን ሲታይ ቀለሙ ይጠፋል፣ ኤክሴል ላይም የሚያሳየው ዓምድ ጥቂት ነው። ይሄኛው 1920 በ1080 ነበር። ባዶ ነጭ ገጽ ከፍቼ ጥቁር ነጥብ ፈለግኩ። ኖትፓድ ላይ እያንዳንዱን ቁልፍ ተጫንኩ። ፍላሹን በየቀዳዳው ሰካሁ። በስልኬ ዋይፋይ አገናኘሁት፣ በካሜራው ራሴን ቀርጬ ድምፁን በኢርፎን ሰማሁ።

ዋናው ግን ባትሪው ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ዶርም ውስጥም ሶኬት ተራ ሲሆን፣ ልጅቷን የሚያኖራት እሱ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ኮማንድ ፕሮምፕትን (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍቶ በፓወር ሲኤፍጂ ትእዛዝ (powercfg /batteryreport) የባትሪ ሪፖርት ማውጣት ይቻላል፤ ምንም መጫን አያስፈልግም። ባትሪው አዲስ ሳለ ስንት ይይዝ እንደነበርና አሁን ሞልቶ ስንት እንደሚይዝ ጎን ለጎን ያሳያል። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ማካፈል ነው። ቲ 480 ሁለት ባትሪ አለው፤ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ከኋላ የሚነቀል። የውስጡ ከመጀመሪያ አቅሙ 82 በመቶ ቀርቶታል። የውጭው 48 በመቶ ብቻ። ለልጁ አሳየሁት። ከሌላ ቲ 480 ላይ ነቅሎ ሌላ ሰካልኝ፣ ሪፖርቱን ደግመን አወጣን፣ 79 ሆነ። በቃላት ክርክር ቢሆን ይህን አላገኝም ነበር። ቁጥሩ ሁለታችንንም አስማማን።

41 ሺህ ብሎ የጀመረውን በ38 ሺህ 500 ተስማማን። የሦስት ወር ጋራንቲ ጻፈልኝ፤ ደረሰኙ ላይ ሴሪያል ቁጥሩ እንዲገባ ጠየቅኩ። ያለዚያ ጋራንቲው የየትኛው ዕቃ እንደሆነ ማን ያውቃል?

ያም ሆኖ አንድ ነገር አመለጠኝ። ስፈትሽ የተሰካው ቻርጀር 65 ዋት ነበር፤ ቦርሳ ውስጥ የገባልኝ ግን 45 ዋት። ቤት ደርሼ ቀስ ብሎ ሲሞላ ነው ጽሑፉን ያነበብኩት። በማግስቱ ወሰድኩት፣ ያለ ንግግር ቀየሩልኝ። ቢሆንም ግማሽ ቀን ሄደብኝ። የምትወስዱትን ቻርጀር እዚያው ሰክታችሁ ሞክሩት።

በተረፈችው 1 ሺህ 500 ብር ማውዝና ቦርሳ ገዛሁላት።

ቲ 480 ሁለት የራም ቦታ አለው፤ የእሷ 8 ጊጋ አንዱ ላይ ነበር። ለዕረፍት ስትመጣ ሌላ 8 ገዝቼ ጠበቅኳት። ጀርባውን ራሷ ፈታችው፣ ራሷ ገጠመችው። እናቴ ከአጠገቧ ቆማ «እንዳታበላሺው!» እያለች ታያት ነበር። ሲበራ 16 የሚለውን ቁጥር ጠርታ አሳየቻት።