መለኪያው እኩል ያላቸው ሁለት ድምፆች

በአንድ የድምፅ ቅንብር ክፍል ውስጥ ስሠራ፣ ለአንድ ትረካ ሁለት መሸጋገሪያ ድምፆችን እንዳመጣጥን ተሰጠኝ፤ አንደኛው በ1000 ሄርዝ (በሰከንድ 1000 ንዝረት) ላይ ያለ ንጹሕ ፉጨት፣ ሁለተኛው የዝናብ ድምፅ ነበር። የሁለቱን አማካይ መጠን በመለኪያው እኩል አደረግሁ፤ ቀኑን ሙሉ ሲያዳምጥ የዋለ ጆሮዬ ስለደከመም በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ደጋግሜ አዳመጥኋቸውና ልዩነት ስላልተሰማኝ አስረከብሁ።

በማግስቱ ሥራው «ዝናቡ ሲገባ ያስደነግጣል» ከሚል ማስታወሻ ጋር ተመለሰ። እኔም መለኪያውን ዳግም አይቼ፣ ቁጥሩ እኩል መሆኑን ጽፌ፣ አንዳች ሳልነካው መልሼ ላክሁት። እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ፤ ጉላት፣ ማለትም ድምፁ ምን ያህል ጎልቶ መሰማቱ፣ በሰሚው ዘንድ ያለ ነገር ነውና፣ የሰሚው ቅሬታ ከማንኛውም ቁጥር እኩል ሊመዘን ይገባው ነበር።

ቅሬታው ሲደገም የክፍሉ አንጋፋ ባለሙያ አጠገቤ ተቀመጡና «ቁጥሩን ተወው፤ ዓይንህን ጨፍነህ ስማ» አሉኝ። በ1000 ሄርዝ ዙሪያ የታጠረ፣ «ሽሽ» የሚል ጠባብ ድምፅ ከፈቱ፤ ጠቅላላ ኃይሉን ሳይለውጡም ስፋቱን ከ50 ወደ 100፣ ከዚያ ወደ 150 ሄርዝ አሳደጉት። ጉላቱ ያው ነበር። ወደ 300፣ ቀጥሎም ወደ 800 ሲያሰፉት ግን፣ መለኪያው ንቅንቅ ሳይል ድምፁ እየጎላ መጣ።

የውስጠኛው ጆሮ ድምፅን እንደየፍሪኩዌንሲው (እንደ ንዝረቱ ብዛት) በክፍልፋይ ይቀበላል፤ በአንድ ክፍልፋይ ውስጥ የታጨቀ ኃይል ጉላቱን ብዙም አይጨምርም፣ ያው ኃይል በብዙ ክፍልፋዮች ላይ ሲሰራጭ ግን የየክፍልፋዩ ጉላት ይደመራል። የመስማት ተመራማሪዎቹ ጽቪከር፣ ፍሎቶርፕና ስቲቨንስ በ1957 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ በ1000 ሄርዝ አካባቢ የክፍልፋዩ ስፋት 160 ሄርዝ ገደማ ነው። የእኔ መለኪያ ኃይልን ብቻ ይደምር ነበር። ጉላትን በክፍልፋይ የሚያሰሉ ዘዴዎች አሉ፤ አይኤስኦ 532 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት የሚመለከተው እነሱን ነው።

እስካሁን ከልቤ ያልወጣው ግን የምሽቱ ማዳመጤ ነው። ይህ የጉላት ጭማሪ ጎልቶ የሚታየው በመካከለኛ የድምፅ መጠን ሲሆን፣ ድምፁ በጭንቅ እስኪሰማ ድረስ ሲቀንስ ግን ይጠፋል። ልዩነቱ ሊሰማ በማይችልበት መጠን አዳምጬ «የለም» ብያለሁ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ድምፁን አድማጭ በሚሰማበት መጠን ከፍቼ፣ ዝናቡን አንድ ጊዜ ከፍ ካለ፣ አንድ ጊዜ ዝቅ ካለ መነሻ ተነሥቼ ከፉጨቱ ጋር አስተካከልሁት፤ ሁለቱ አቅጣጫዎች ያደረሱኝ ቦታ ስላልተገናኘ መካከለኛውን ወሰድሁ። በሥራ መዝገቡ ላይም ከመለኪያው ንባብ ጎን ያዳመጥሁበትን መጠን ጻፍሁ።