የሃርፕ ማንዶሊኑ ሆድ፦ ሦስተኛ ሳምንት

ባለፈው ስጽፍላችሁ ከምጠግነው የሃርፕ ማንዶሊን (ከትከሻው ክንድ የወጣለት ትንሽ ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ) የሠሪው ስም የተጻፈበት ወረቀት ከውስጥ ተልጦ መጥፋቱን ነግሬአችሁ ነበር። ወረቀት ከሌለ ምስክሩ አሠራሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ክሮቹን አላልቼ ሆዱን ስመረምር ሰነበትኩ።

መጀመሪያ ያፈዘዘኝ ክንዱ ነው። በወፍራሞቹ ክሮች በኩል ከሣጥኑ ትከሻ ተነሥቶ ከአንገቱ ጎን ወደ ላይ ይጠማዘዛል። ስሙን የሰማ ሰው በክንዱ ላይ የተወጠሩ የባስ፣ ማለትም የወፍራም ድምፅ፣ ክሮች ይጠብቃል፤ እዚህ ግን አንድም የለም። ያሉት በአራት ጥንድ የተሰለፉ 8 ክሮች ናቸው፤ ቅኝታቸውም እንደ ቫዮሊን ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ። ታዲያ ክንዱ ምን ይሠራል?

ማታ መብራት አጥፍቼ ትንሽ አምፖል በድምፅ ቀዳዳው አስገባሁ። ስፕሩስ ከሚባል ነጣ ያለ እንጨት የተሠራው ስስ የፊት ጣውላ እንደ ፋኖስ ቀላ፤ ማጠንከሪያ እንጨቶቹም እንደ ጎድን አጥንት ጥላቸውን ጣሉ። ብርሃኑ ክንዱ ውስጥም ዘልቆ ገባ። በሣጥኑና በክንዱ መካከል ግድግዳ የለም፤ ክንዱ ክፍት የአየር ጓዳ ነው። በጣቴ ጫፍ ሳንኳኳው የክንዱ ድምፅ ቀጠን፣ የሣጥኑ ወፈር ይላል።

ትልቁ ግኝት የመጣው በጥርስ ሐኪም መስታወት ነው። ከማጠንከሪያዎቹ የአንዱ ጫፍ ሲታይ፣ በሁለት ነጭ ስፕሩሶች መካከል የተጣበቀ ጥቁር ቀጭን እንጨት አለ። በዚህ ዓይነት የተነባበረ ማጠንከሪያ የመሣሪያ ሠሪው ኦገስት ላርሰን በ1904 የፈጠራ መብት አግኝቷል፤ መካከሉ ሮዝውድ የሚባል ጥቁር ጠንካራ እንጨት ነው። እሱና ወንድሙ ካርል በቺካጎ ሲሠሩ፣ ዳየር በተባለው የአሜሪካዋ ሴንት ፖል ከተማ ነጋዴ ስም የተሸጡ የሃርፕ መሣሪያዎችን ሠርተዋል። ባለ ክፍት ክንድ ቅርጹን ግን ቀደም ብሎ በሃርፕ ጊታር ያስተዋወቀው ኖርዌይ የተወለደው ክሪስ ክኑትሰን ነው። ለእኔ ከክንዱ ይልቅ ያቺ ጥቁር መስመር ትበልጣለች፤ ክንድ ማንም ይኮርጃል፣ ከውስጥ ተደብቆ ለሚቀር ማጠንከሪያ እንዲህ የሚደክም ግን ጥቂት ነው።

አንድ ጉዳት አለ። ክሮቹን ከሚደግፈው ብርኩማ ሥር ያለው ማጠንከሪያ ጫፉ ለቋል፤ ቀጭን ወረቀት ባንሸራትት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ። ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ሊያጣብቀው ሞክሮ የዘመኑን ነጭ ሙጫ አፍስሶበታል። እሱን በለብታ ውኃ አለስልሼ ካላጸዳሁ ከእንስሳ ቆዳ የሚሠራው ሙጫ አይይዝልኝም። እስከዚያ ክሮቹ እንደላሉ ይቆያሉ።