«ጋዝ ጨርሷል» ማለት ካቆምኩ በኋላ

ድሬዳዋ ላይ ፍሪጅ እጠግናለሁ። «እዚህ ሙቀት ውስጥ ሥራ አታጣም» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እኔም ስጀምር እንደዛ መስሎኝ ነበር። ሙቀቱ ግን ፍሪጁን ያበላሻል እንጂ ባለቤቱ ለማን እንደሚደውል አይወስንም።

መጀመሪያ ወረቀት አሳትሜ ከከዚራ እስከ ሳቢያን ምሰሶ ለምሰሶ ለጠፍኩ። አንድም ሰው አልደወለም። ቲክቶክም ሞከርኩ። ቪዲዮውን ሰው አየልኝ፣ የደወሉት ግን አብዛኞቹ አዲስ አበባ ያሉ ናቸው፤ አንዱማ «አዳማ ትመጣለህ?» አለኝ። አቦ ተዉኝ!

ከዛ መጋላ ጁስ ቤት ያላት አንዲት አዴ፣ በዕድሜ ትልቅ ሴት፣ ጠራችኝ። (ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይሄድም፣ አትታዘቡኝ።) ፍሪጇ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ጋዝ ተሞልቶለታል። ሦስቱንም ጊዜ «ጋዝ ጨርሷል» ነው የተባለችው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይቺን ቃል እኔም ስንቴ ተጠቅሜባታለሁ። ደንበኛው አይከራከርህም፣ ብሩም ወዲያው ይመጣል። ግን ፍሪጅ እንደ መኪና ነዳጅ አይበላም። ጋዙ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየዞረ ለዓመታት ይኖራል። ከጎደለ የሆነ ቦታ ሾልኳል ማለት ነው፣ ቀዳዳው ሳይደፈን ብትሞላው ደግሞ ተመልሶ ይወጣል።

ሳሙና በውሃ በጠበጥኩና ቱቦው የተበየደባቸውን መገጣጠሚያዎች በስፖንጅ አንድ በአንድ ቀባኋቸው። ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚገፋው ሞተር) አጠገብ ያለው ጋ ስደርስ ትንንሽ አረፋ ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። ጠራኋት። ጎንበስ ብላ አየች። ዝም አለች። ከዛ «ሦስቴ የከፈልኩት ለዚች ነው?» አለች። የቀረውን ጋዝ አስወጥቼ በየድኩት፣ ማጣሪያውን ቀየርኩ፣ ቱቦው ውስጥ የገባውን አየር በፓምፕ ስቤ አወጣሁና እንደገና ሞላሁት። ሂሳቡ ጋዝ ከመሙላት በጣም ይበልጣል። ምንም ሳትል በቴሌብር ላከችልኝ።

ከዛ በኋላ ነው ስልኬ መጮህ የጀመረው። ጁስ ቤት ቀኑን ሙሉ ሰው አይጠፋበትም፣ አዴ ደግሞ ያየችውን አረፋ ለገባው ሁሉ ስታወራ ነው የምትውለው፣ ከሰዓት ወሬው ወደ በርጫ ይሻገራል። እኔ ጫት አልቅምም። ስሜ ግን በርጫ ላይ አይጠፋም።

አሁን ቀዳዳውን ሳላሳይ ጋዝ አልሞላም። ሌላው የጠቀመኝ ስቲከር ነው። በሠራሁት ፍሪጅ ጀርባ ስልኬን፣ ቀኑንና የሠራሁትን ጽፌ እለጥፋለሁ። ፍሪጅ እኮ ይሸጣል፣ ከቤት ቤት ይዞራል። አንድ የገንደ ቆሬ ልጅ ደውሎ «2014 ላይ ሠርተኸዋል ይላል» አለኝ። ልጁን አላውቀውም፣ ፍሪጁን ግን እንዳየሁት አስታወስኩት።

ረመዳን ሊገባ ሲል ደግሞ እኔ ነኝ የምደውለው። በጾሙ መሀል ፍሪጅ ከቆመ ለጁስ ቤትም ለቤተሰብም ጭንቅ ነው። «ከግድግዳው ራቅ አድርጊው፣ ከኋላ ያለውን ጥቁር ፍርግርግ በብሩሽ ጥረጊው» እላለሁ። አቧራ ከሸፈነው ሙቀቱን ማስወጣት ያቅተዋል፣ ኮምፕረሰሩም እረፍት የለውም። መብራት ሄዶ ሲመጣም ወዲያው እንዳይሰኩት፣ አምስት ደቂቃ እንዲጠብቁ እነግራለሁ። ለዚህ ብር አልጠይቅም። ግማሾቹ ግን «እንግዲያውስ መጥተህ እየው» ይላሉ።

ሁሉም ይወድልኛል ማለት አይደለም። ባለፈው አሸዋ ሰፈር አንድ ሰውዬ አረፋውን እያሳየሁት «ስማ፣ ጋዝ ብቻ ሙላልኝ፣ ፍልስፍናውን ተወው» አለኝ። ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። የባጃጁን ከኪሴ ከፈልኩ። እስካሁን አልደወለም።