ይፈጥናል ብዬ የጀመርኩት መለያየት

እኔና ባለቤቴ የተጋባነው በተክሊል ነው። ለንደን ላይ ትዳሩ ሲናጋ «ፍቺ» የሚለውን ቃል ለእማዬ በስልክ መናገር አቃተኝ። ስለዚህ ፍርድ ቤት የሚሰጠውን መለያየት መረጥኩ። ጋብቻው አይፈርስም፤ አብሮ የመኖር ግዴታ ግን ይቀራል።

ደግሞም ይፈጥናል ተባልኩ። ውሸት አይደለም። በእንግሊዝና ዌልስ ለፍቺ ካመለከታችሁ በኋላ 20 ሳምንት ትጠብቃላችሁ። ከዚያ ኮንዲሽናል ኦርደር የሚሉት የመጀመሪያው የፍቺ ትእዛዝ ይጠየቃል። እሱ ከተሰጠ በኋላ የመጨረሻውን ለመጠየቅ 6 ሳምንት ከአንድ ቀን ይጨመራል። ሁሉም ቢቀና ግማሽ ዓመት ነው። ከ2022 ወዲህ ጥፋተኛ መፈለግ ቀርቷል፤ መጠበቁ ግን አልቀረም። መለያየት ላይ ያ የ20 ሳምንት ጣጣ የለም፤ ትእዛዙም አንድ ብቻ ነው። ከተጋባችሁ ዓመት ሳይሞላም ማመልከት ይቻላል፤ ፍቺ ግን ዓመቱ ካልሞላ አይታሰብም።

የእኔን ያዘገየው ወረቀት ነው። ማመልከቻው እንደ ፍቺው ኦንላይን አይሞላም፣ በወረቀት ነው። የሰርጋችን ቀን ጥር 18 ቀን 2006 ነው። አስተርጓሚው ወሩን «ጃንዋሪ» አለና ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን እንዳለ ገለበጠው! በወረቀቱ ከሄድን ገና ሳንተዋወቅ ተጋብተናል። ትክክሉ ጃንዋሪ 26 ቀን 2014 ነበር። እኔም ሳላየው ፈርሜ ላክሁት። እስኪታረም ሁለት ወር ሄደ፤ ትእዛዙ እጄ የገባው በአምስተኛው ወር ነው።

ከዚያ የጡረታ ነገር መጣ። ባለቤቴ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ቤታችን ኪራይ ነው፤ ያለን ትልቁ ንብረት የእሱ ጡረታ ነው። ፍርድ ቤቱ ጡረታን ለሁለት ከፍሎ ለእኔ ማካፈል የሚችለው በፍቺ እንጂ በመለያየት አይደለም። ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እንደገና ለፍቺ አመለከትኩ። ወደ 600 ፓውንድ ከፈልኩ። ያለፈው ጊዜ አይታሰብልኝም፤ 20 ሳምንቱ ከአንድ ተጀመረ። ስምንት ወር ፈጀ።

አሁን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶች ጠጋ ብለው «የቱ ይሻላል?» ይሉኛል። መጀመሪያ የምጠይቃቸው የባላቸውን ጡረታ ነው።

እማዬን በመጨረሻ ደወልኩላት። «አውቄ የለ እንዴ ልጄ፤ ስሙን ካነሳሽ ስንት ጊዜሽ» አለችኝ።